በአንዲት «ብቻ» የተጣሉት

ያን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን፣ ራሱን ለራሱ አማሁት።

እውነቴን ነው የምላችሁ። ልጄ በምትሠራበት ሆስፒታል አዳራሽ ውስጥ ክርክር አለ ተብሎ እኔና አባቷ ተጠርተን ሄድን። ልጄ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሰው ሲፈራ፣ ሲናደድ፣ ሲጨነቅ ልቡና አንጎሉ ምን እንደሚሆኑ በመሣሪያ ትለካለች። አባቷ ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ልጅ እያለች ካቻቢቴውን እየሰረቀች የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስለምትፈታ «ፈታቿ» ብሎ ስም አወጣላት። ይኸው እስከ ዛሬ ፈታቿ ናት።

አባቷ ፊት ወንበር ካላገኘሁ ብሎ እየተጋፋ ሄደ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎኔ አንድ ረጅም ሰውዬ አለ። ሸሚዙ በአንድ በኩል ተተኩሷል፣ በሌላው በኩል ተረስቷል።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም።

«የምትናገረዋ ልጄ ናት» አልኩት።

«ጎበዝ ናት ይላሉ» አለኝ።

«ይላሉ? ናት እንጂ! የሚከራከራት ሰውዬ ግን ወሬኛ ነው አሉ።»

«እንዴት?»

«በሽተኛ ሲመጣለት ከማከም ይልቅ ስለ አክስቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ከማን ጋር እራት እንደሚበላ ሲጠይቅ ይውላል አሉ። እስቲ ይሄ ሕክምና ነው?»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ወሬ ነዋ! ዛሬ ልኩን ታሳየዋለች።»

«እንግዲያው ይጸልዩልኝ፣ እናቴ» አለኝና ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሳ። በቀጥታ ወደ መድረኩ ሄደ።

አምላኬ! ያኔ ወንበሩ ሥር መግባት ቢቻል እገባ ነበር።

ልጄ ቀድማ ተናገረች። ድምፅዋ ጠንካራ ነው።

«ሰው ሊፍት ሲፈራ፣ ፍርሃቱ ጭጋግ አይደለም» አለች። «ልቡ ይመታል። እጁን ያልበዋል። አንጎሉ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ክፍል ትነቃለች። እነዚህን አንድ በአንድ ለይተን ካወቅን እናክመዋለን። ለዚህ የአክስቱን ስም ማወቅ አያስፈልገኝም።»

ተሳቀ። የአባቷ ጭብጨባ ከሁሉም በልጦ ተሰማ።

ሰውዬው ቀጠለ።

«ሁለት ሰዎች ሊፍት ይፈራሉ እንበል። እጃቸውን እኩል ያልባቸዋል። አንዱ ልጅ ሳለ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ያውቃል። ሌላውን የሚያስፈራው ግን ሊፍቱ ሳይሆን እላይኛው ፎቅ ያለው አለቃው ነው። ላቡ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ሰውን ፈታትተን ጠረጴዛ ላይ ብንደረድረው ጠረጴዛው ላይ ብሎን ይኖራል እንጂ ሰው አይኖርም። የሰውን ሁለንተና ነው ማየት ያለብን።»

«ሁለንተና፣ ሁለንተና ይላሉ እርስዎ!» አለች ልጄ። «እስቲ ሙሉ ሰውን ለክቶ የሚያውቅ ማን ነው?»

«ሚስት» አላት።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጄ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አመለጣት። ሰውዬው ስትስቅ አያት... አያትና የሚቀጥለው ነገር ጠፋበት። የያዘውን ወረቀት ገልብጦ ያዘው።

እኔ እናት ነኝ፤ ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። ይሄ ነገር ክርክር እንዳልሆነ እዚያው ገባኝ።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«እናቴ፣ ልኬን አየሁ?»

«ትንሽ ትንሽ አይተሃል፣ ልጄ» አልኩት። «ሸሚዝህን ግን ሁለቱንም በኩል ተኩሰው።»

የሥራ ባልደረቦቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃሉን አሳጥረው «ሁለንታ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ስሙ ሆኖ ቀረ።

የክፍላቸው ኃላፊ ብልህ ሴት ናት። ጠራቻቸውና «መድረክ ላይ ያልጨረሳችሁትን ሥራ ላይ ጨርሱት» ብላ አንድ ታካሚ ለሁለት ሰጠቻቸው። ታካሚው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ድልድይ ጋ ሲደርስ እጁ መሪው ላይ ይደርቃል። መኪናው ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይጮኻል፣ እሱ ያልበዋል። ሥራውን ሊያጣ ነው።

ልጄ በራሷ መንገድ ጀመረች። መጀመሪያ የድልድዩን ፎቶ አሳየችው። ቀጥላ ከሩቅ አቆመችው። ከዚያ እየተነፈሰ፣ ቀስ እያለ በእግሩ እንዲሄድ አደረገችው። ልቡን እየለካች፣ ሲረጋጋ አንድ እርምጃ ትጨምርለታለች። ድልድዩ መሃል ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን እምቢ አለ!

ሁለንታ ደግሞ የሾፌሩ ቤት ይሄዳል።

«እማ፣ እኚያ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ከሾፌሩ ሚስት እናት ጋር ግማሽ ቀን ሲያወሩ ዋሉ!» ትለኛለች ማታ፣ ጫማዋን እየወረወረች። «ግማሽ ቀን! ስለ ምን ይመስልሻል? ስለ ቁም ሳጥን!»

«ስለ ቁም ሳጥን ምን አሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አንቺ ደግሞ እሳቸውን ትመስያለሽ!»

ቁም ሳጥኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የሚስቱ እናት አብረዋቸው ሊኖሩ ሲመጡ ቁም ሳጥናቸውን ይዘው መጡ። የሾፌሩን ዕቃ አውጥተው ኮሪደር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጭቅጭቅ ሆነ። የሾፌሩ ቤት ያለው ደግሞ የት መሰላችሁ? ከድልድዩ ማዶ!

ሁለንታ ሦስቱንም አስቀምጦ አነጋገራቸው። ተለቃቀሱ፣ ታረቁ። ዕቃው ወደ ቦታው ተመለሰ። እሱም ተዝናንቶ ልጄ ቢሮ ሄደና «ጨረስኩ» አላት።

በማግስቱ ሾፌሩ ድልድዩ ጋ ሲደርስ እጁ እንደገና ደረቀ።

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ሰላም ወርዷል እኮ!» አለ ሁለንታ።

«ሰላም መውረዱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለችው ልጄ። «እጁ ገና አልሰማም። ለእጁ ደግሞ በእጅ ቋንቋ ነው የሚነገረው።»

እና እንደገና እየተነፈሰ፣ እየቆመ፣ እየተራመደ። አሁን ግን መሃሉ ላይ አልቆመም። አንድ ቀን ጠዋት ባዶ አውቶቡሱን ይዞ ድልድዩን ተሻገረ። እያንጎራጎረ ነው የተሻገረው! ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ማዶ ሲደርሱ ለካ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

«ይሄ እጅ የማን ነው?» አላት።

«ያንተ ነው» አለችው።

አንቱታው እዚያ ድልድይ ላይ ቀረ።

ቤት ይዛው መጣች። ባለቤቴ ሊፈትነው ፈልጎ አፍጥጦ ጠበቀው።

«አንተ ልጅ፣ ሬዲዮ ቢበላሽብህ ምን ታደርጋለህ?»

«መጀመሪያ ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳለ እጠይቃለሁ።»

«ከፍተህ አታየውም?»

«እርስዎ እያሉ?»

ባለቤቴ ሳቀ። ያን ማታ የማንንም እጅ የማያስነካውን የመሥሪያ ጠረጴዛውን አሳየው። እኔ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ ይሄን ነገር አንተ ያመጣኸው ከሆነ አጽናው» አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን እኔ አላየሁም። ግን በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ልጄ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ሽቦ ስታጠቀልል ሁለንታ ገባ። አልተቀመጠም።

«አግቢኝ» አላት።

ሽቦው ከእጇ ወደቀ። እጁን ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ወሰደችው።

«ይሄን እይ።»

«ምንድን ነው?»

«የኔ የልብ ምት ነው። መሣሪያውን ራሴ ላይ ስሞክር በዚህ በር ገብተህ ነበር። እዚህ ጋ... ተመልከት እንዴት እንደዘለለ!»

«እና?»

«አንድ ቀን ይሆናል ብዬ በሌላ ቀንም ሞከርኩት። ሌላ ሰው ሲገባ አይዘልም። ኃላፊያችን ስትገባ እንኳን፣ እየፈራኋት፣ እንዲህ አይሆንም። አንተ ስትገባ ነው! እርግጠኛ ነኝ። ደግሞ ምንም ረቂቅ ነገር የለውም። ልብ ነው፣ ደም ነው፣ አንጎል ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው።»

«ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ!» አለችው፣ በደስታ እየሳቀች።

ፊቱ ተለወጠ። እሷ ግን ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«ገባኝ» አላትና ወጣ።

ደስታ አፉን አስይዞት የወጣ መሰላት፣ የኔ ሞኝ! እየሮጠች ቤት መጣች።

«እማ! እሺ አልኩት! አግቢኝ አለኝ፣ እሺ አልኩት!»

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አባቷ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ስልኩ እስኪጠራ ጠበቅን።

ስልኩ አልጠራም። በማግስቱም አልጠራም። ስትደውልለት «ሥራ ላይ ነኝ» ይላታል፣ ድምፁ እንደ እንግዳ ሰው። በሳምንቱ ኃላፊዋ ጠርታ ነገረቻት። ሁለንታ ዓመቱን ሙሉ እምቢ ሲለው የቆየውን የሌላ ከተማ ሥራ ተቀብሎ ፈርሟል። ሊሄድ ነው።

ልጄ ቤት ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ያስፈራኝ።

«እሺ ያልኩት ሰው ጥሎኝ ሄደ፣ እማ» አለችኝ። «እኔ እኮ ያልለካሁትን ነገር አላምንም። እሱን ግን ለክቼ ነው ያመንኩት።»

ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም። ጠዋት ጸሎቴን አደረስኩ፤ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ጥሩውን ጫማዬን አደረግኩና ሆስፒታል ሄድኩ። ጉልበቴ ያን ቀን አላመመኝም፤ ንዴት መድኃኒት ነው።

ሁለንታ ቢሮው ውስጥ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ልጄ ምን በድላህ ነው? እሺ ያለችህን ልጅ ጥለህ የምትሄድ፣ አምላክ የለህም?»

«እሺ? መቼ ነው እሺ ያለችኝ?»

«እሺ አልኩት ብላ አቅፋኝ አልቅሰናል እኮ!»

«እኔን ያለችኝ ‹ኬሚካል ብቻ ነው› ነው። ፍቅራችን ኬሚካል ብቻ ነው። እሺ የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም፣ እናቴ።»

ይሄኔ በሩ ተበርግዶ ልጄ ገባች። እሱ እኛ ቤት ረስቶት የሄደውን ጃኬት ይዛለች። በሩ ሲከፈት አንድ ትልቅ ካርቶን ገፍቶ እኔን ጥግ ላይ አስቀረኝ።

«እናቴ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችው።

«እየተቆጡኝ ነው።»

«ጥሩ። እማ፣ ከጨረስሽ ተራው የኔ ነው።»

ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አንተ ስትገባ ልቤ ይዘላል አልኩህ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?»

«ያ ብቻ ነው አልሽኝ።»

«አዎ፣ ያ ብቻ ነው! ልቤ፣ ደሜ፣ አንጎሌ! ሌላ ምን አለኝ? ያለኝ ሁሉ እሱ ነው እኮ! ሁሉንም ሰጥቼህ አነሰህ?»

ሁለንታ የያዘውን መጽሐፍ አስቀመጠ።

«ደግሞ አንተ አይደለህም ሁለንተና የምትለው?» አለችው። «ከሰው አማት ጋር ስለ ቁም ሳጥን ግማሽ ቀን ታወራለህ። ከኔ ግን አንዲት ቃል ቆርጠህ ይዘህ ሄድክ። ምን ማለትሽ ነው ብለህ እንኳን አልጠየቅከኝም! ማነው አሁን ሰው የፈታታው? እኔ ነኝ አንተ?»

ረጅም ሰው እንዲህ ሲያጥር አይቼ አላውቅም። ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ ራሷን ያማት ነበር» አለ። «ልጅ ነበርኩ። እኔ ነበርኩ ሐኪም ቤት ይዣት የምሄደው። ሐኪሙ ‹ራስ ምታት ብቻ ነው› አላት። ተመለስን። ሌላ ጊዜ ሄድን፤ ‹ድካም ብቻ ነው› አላት። እንደማትተኛ፣ ዓይኗ እንደሚደበዝዝ፣ ስታወራ ቃል እንደሚጠፋባት... ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ ሞተች።»

ልጄ ጃኬቱን አንስታ አጠፈችው።

«ለዚህ ነው ሁሉን የምጠይቀው። አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ። ያቺን ‹ብቻ› የምትባል ቃል ስሰማ ደግሞ አንድ ነገር ይዘጋብኛል። ያን ቀንም ተዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ ያልሽው አልተሰማኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«አልጠየቅኩህም» አለች ልጄ፣ ቀስ ብላ። «እውነትህን ነው። የአክስትህን ስም እንኳን አላውቅም።»

አጠገቡ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ካርቶኑ ተንቋቋ፤ አንዳቸውም አልተነሱም። እኔ ልውጣ ብል ያኛው ካርቶን በሩን ዘግቶታል። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና በልቤ መጸለይ ጀመርኩ።

ስጸልይ ልቤ ይመታ ነበር። እጄንም አልቦኛል። ልጄ መሣሪያዋን ብትሰካብኝ ሁሉንም ታገኘው ነበር፤ አልዋሽም። ጸሎቱም ግን ጸሎት ነበር። ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ ሥጋንና ነፍስን አጣልቶ እንዳልሠራ እኔ በደንብ አውቃለሁ።

«እንደገና ጠይቀኝ» ስትለው ሰማሁ።

«ምን ብዬ?»

«እንደዚያ ቀን።»

«አግቢኝ።»

«እሺ።»

«ማብራሪያ የለውም?»

«የለውም!»

ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እናንተ ልጆች፣ ይሄን ካርቶን ከበሩ ላይ አንሱልኝና ልውጣ! ሌላውን እኔ ከወጣሁ በኋላ ትስማማላችሁ።»

የተስማሙት ግን እኔ የፈለግኩትን አልነበረም። ሁለንታ ፈርሟል። እዚያኛው ከተማ አንድም የእሱ ዓይነት ባለሙያ የለም፤ ሰዎች ቀጠሮ ይዘው እየጠበቁት ነው።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አላት። «የሚጠብቁኝን ሰዎች ትቼ ብቀር እኔን ራሴን አታገቢኝም።»

«ማን አትሂድ አለህ?» አለችው ልጄ። «እኔም እሄዳለሁ። እዚያ አገር ሰው አንጎል የለውም እንዴ?»

ተጋቡ። ደስ ብሎን ዳርናት። በሠርጓ ቀን እንኳን ሲከራከሩ ነበር፤ ሙሽራው ያለቀሰው ደስ ብሎት ነው ወይስ እንቅልፍ አጥቶ ነው እየተባባሉ። ከዚያ ዕቃቸው ተጫነ።

የሄዱ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ያልተበላሸውን የመኪናቸውን ሬዲዮ ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ። እኔ መርቄያቸው፣ ስሜያቸው ጨርሻለሁ። እሱ የመኪናውን በር ይዞ ቆሟል፤ አይለቅም። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ልጄ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ክው አለች። ሮጣ እጁን ያዘችው፤ ጣቷ ሳታስበው የደም ሥሩ ላይ ሄደ።

«አባዬ! ምን ሆንክ? የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

ሁለንታም አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር።

«እኔ እንጃ ልጄ» አላት ባለቤቴ። «ሁሉም ጋ ነው።»

ሁለንታ አፉን መልሶ ዘጋ። ልጄ ጣቷን ከደም ሥሩ ላይ አነሳችና አባቷን እቅፍ አድርጋ ያዘችው።